ከጓሮው አጥር ሥር የቆሙት ሦስቱ

መጀመሪያ ያየኋቸው ክፍል ውስጥ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ጠዋት ላይ ለተማሪዎቼ የሕዋስ ክፍፍል አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣልኩ፤ ከጎኑ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ጠመኔውን አስቀምጬ ዞር ስል በሩ አጠገብ ሦስት ሕፃናት ቆመዋል። ቢበዛ የሦስት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ቢጫ ሹራብ ለብሰዋል። የአንዷ መምህርት ልጆች መስለውኝ “እናታችሁ ስታፍ ናት፣ እዚያ ሂዱ” አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ መሳቅ ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት። በሩ ላይ ለካ ማንም አልነበረም።

ልጆቹ በሳቁበት ነገር አልተናደድኩም፤ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ የማንንም ፊት አላይም ነበር። የዐይኔ መካከል ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄዶ፣ ፊት ለፊት የማየው ነገር ሁሉ መሐሉ ላይ ጉም ተቀምጦበታል፤ የማገኘው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። የሰው ጆሮ አያለሁ፣ ትከሻ አያለሁ፣ ፊት ግን የለም። እናቴን የምለያት በአካሄዷና በነጠላዋ አጣጣል ነው። የእነዚያን ሕፃናት ፊት ግን ከነሽፋሽፍታቸው አየሁት። የመካከለኛው ሹራብ ሁለተኛ ቁልፉ ወልቋል፤ በቦታው ክር ተንጠልጥሏል። ያን ያህል ጊዜ ፊት ሳላይ ቆይቼ መጀመሪያ ያየሁት ፊት የሌለ ሰው ፊት ሆነ።

አዲስ አበባ ያየኝ የዐይን ሐኪም አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አላበድኩም። “ዐይንህ ማየት ሲያቆም አንጎልህ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የጎደለውን ከራሱ አምጥቶ ይሞላዋል” ብሎኝ ነበር። “አበባ የሚያዩ አሉ፣ ሰልፍ የሚያዩ አሉ፣ ልጆች የሚያዩም ብዙ ናቸው። ብታይ አትፍራ።” መድኃኒት ስጠይቀው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዐይኔ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሕዋሱ እየሞተ ነው፤ እሱ የሚሰጠኝ ነገር የለውም። በውጭ አገር ይህንኑ ሽፋን ከፅንስ ግንደ ሕዋስ እያበቀሉ በሰው ዐይን ላይ የሚሞክሩ አሉ አለኝ። “ግንደ ሕዋስ ማለት መቼም ታውቀዋለህ፤ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሕዋስ ነው። አንዱ አገር ይፈቅደዋል፣ አንዱ አገር ያሳስርበታል።” ወደሚፈቅደው አገር ለመሄድ ቪዛ ጠየቅሁ፤ ከለከሉኝ። ወደ ከተማዬ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ ጠመኔዬን ያዝኩ።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ የክፍሉን ጉድ እንደ ቀልድ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

“ስንት ናቸው?”

“ሦስት።”

“የማን ልጆች ናቸው?”

“የማንም አይደሉም እማዬ፤ የዐይኔ በሽታ ናቸው።”

“ምን ለብሰዋል? አይበርዳቸውም?”

“ለብሰዋል፣ አይበርዳቸውም” ብዬ ዘጋኋት። ቢጫ ሹራብ፣ የወለቀ ቁልፍ እያልኩ ብዘረዝርላት በማግስቱ ጠበል ይዛኝ እንደምትወርድ አውቃለሁ። ስለዚህ የልብሳቸውን ነገር ለእሷም፣ ለሐኪሙም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ሕፃናቱ ቤታችን መጡ። ቆመው የማገኛቸው ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ወይራዋ አጠገብ ነው። ያ ቦታ ለቤተሰባችን ባዶ ቦታ አይደለም። ከእኔ ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ልጅ ነበር፤ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። በእኛ ዘንድ ያልተጠመቀ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። አባቴ በሕይወት ሳለ ወይራዋ ሥር ቆፍሮ ቀበረው፤ እናቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠችበት። ስም ስላልወጣለት በምን እንደምንጠራው ሳናውቅ አደግን። ሦስቱ የሚቆሙት እዚያ ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ፊታቸው ወደ ቤቱ ነው፤ አይንቀሳቀሱም። ዝናብ ሲዘንብ አይረጥቡም። ጉም ወርዶ ዐይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው እንኳ አጥሩን በማያይበት ቀን እኔ እነሱን ጥርት አድርጌ አያቸዋለሁ። ምክንያቱን ባውቀውም ይዘገንነኝ ነበር።

በሰኔ እህቴ መጣች። ታናሼ ናት። ጀርመን አገር ከባሏ ጋር ብዙ ዓመት ኖረች፤ ባሏ በዚያው ዓመት በድንገት ሞተባት፤ እዚያው ተቀበረ። ከደሴ የመጣው ሚኒባስ በጭቃው ምክንያት ዘግይቶ ገባ። ስታቅፈኝ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነው። ፊቷን ለማየት ራሴን ወደ ጎን አዘነበልኩ፤ የሐዘን ሻሿ ጠርዝና አንድ ጆሮ አገኘሁ። የገዛ እህቴን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ በዚህ አለቀስኩ እንጂ በባሏ ሞት አላለቀስኩም ብል ውሸት የለውም።

ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ፣ አንድ ከሰዓት፣ ጉሙ በመስኮት ሊገባ ደርሶ ሳለ፣ እናቴና እኔ በተቀመጥንበት እህቴ ነገሩን አወጣችው።

“እማዬ፣ ልጅ እንቢ ብሎን ብዙ ደክመናል” አለች። “በምንኖርበት አገር ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። በባቡር ድንበር ተሻግረን ማዶ ካለው አገር ሐኪም ቤት ሄድን። የእሱንና የእኔን ወስደው ውጭ፣ ብርጭቆ ውስጥ አገናኙት። ፅንስ ሆነ። አንዳንዱን ማሕፀኔ ውስጥ አስገቡት፣ አልያዘም። የቀሩትን በረዶ ውስጥ አስቀመጧቸው።”

“በረዶ ውስጥ?”

“ከበረዶም የባሰ ብርድ ነው። ሳይሞቱ፣ ሳያድጉ ይቆያሉ። ሦስት ናቸው።”

የነጠላዋን ጥለት ይዳብስ የነበረው የእናቴ እጅ ሲቆም ሰማሁት። ተነስታ የጓሮውን በር ከፈተች። ጉሙ ወደ ውስጥ ገባ።

“እዚያው ናቸው?” አለችኝ።

እኔም ጅሉ ዞሬ አየሁ። ሦስቱም ድንጋዩ አጠገብ ነበሩ።

“አሉ” አልኩ።

ይህችን ቃል ባልተናገርኩ ኖሮ ክረምቱ ሌላ ክረምት ይሆን ነበር። እህቴ ምን እንደምንባባል ስትጠይቅ ከልብሳቸው በቀር ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለኝንም ጨመርኩላት። እሷ ከመምጣቷ ከወራት በፊት እንደማያቸው ስትሰማ እንደማትስቅ አውቄ ነበር፤ አልሳቀችም። ቆየት ብላ “ማንን ይመስላሉ?” አለች። “አትጀምሪ! በሽታ ነው” ብዬ ጮህኩባት።

ጉዳዩ ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል። ባሏ ሳይሞት በፊት ፅንሶቹ እንዲቀመጡ ሲፈርም፣ ከሞትኩ ማሕፀን ይግቡ የሚል ፈቃድ አልሰጠም፤ በዕድሜው እሞታለሁ ብሎ ማን ያስባል? ለሌላ ባልና ሚስት ይሰጡ ወይ ሲባል ግን “ልጄ እኔን በማያውቅ ቤት አያድግም” ብሎ እምቢ ብሏል። ስለዚህ ፅንሶቹ ባሉበት አገር ሕግ ለእህቴ የቀራት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ለምርምር ትሰጣቸዋለች፣ ወይ ከበረዶው ወጥተው ይቀልጣሉ። እስከ ጳጉሜ ካልተናገረች ዝምታዋ ይቅለጡ እንዳለች ይቆጠርባታል። ይዛው የመጣችው ይህን ነበር፤ ሐዘኑ ሳይወጣላት በላዩ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት የኩበት ጭስ ሸተተኝ። እናቴ የኋላውን ክፍል፣ ያረጀ ዕቃ የምናስቀምጥበትን፣ ጠርጋ እሳት አንድዳለች። በሩን ወደ ጓሮው ወለል አድርጋ ከፍታዋለች።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“በውርጭ ላይ የቆመ ልጅ ዝም ይባላል?”

“እማዬ፣ እነዚያ ያሉት አውሮፓ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። በዚህ ዝናብ ማገዶ ከየት ሊመጣ ነው!”

“አንተ ታያቸዋለህ፣ እኔ አሞቃቸዋለሁ። አንተ ላይ ምን ጎደለብህ?” አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በእኔ በሽታ መተዳደር ጀመረ። ከውጭ ስገባ እናቴ “ዛሬስ?” ትለኛለች። መጀመሪያ እሷ ብቻ ነበረች፤ ቆይቶ እህቴም ከወንበሯ ሳትነሳ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። እዋሻለሁ እል ነበር፤ አልሆነልኝም። እውነቱን መናገር ደግሞ ይብስ ነበር፤ መቅረብ ጀምረዋልና። ሐምሌ ሲገባ ከወይራዋ ተነስተው የማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሙ። ሲራመዱ አላየሁም፤ አንድ ቀን እዚያ ነበሩ፣ ሌላ ቀን እዚህ ናቸው። በኋላ የኋላው ክፍል ደጃፍ ላይ፣ ከመድረኩ ውጭ ተደርድረው እሳቱን ሲያዩ አገኘኋቸው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጆሮዬ የሰማውን አንጎሌ እየሣለው ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ይህን እያስረዳሁ ግን በዚያ ደጃፍ ማለፍ ትቼ በፊት ለፊት በር እዞር ነበር።

እህቴ ያመጣችው ጥያቄ እኔንም ያዘኝ። ስልኬ የተጻፈ ታነብልኛለች፤ የሴት ድምፅ አላት፤ ለሞትም ለልደትም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላት። ኔትወርክ ሲመጣ መስኮት ሥር ተቀምጬ በፅንስ ላይ ስለሚደረግ ምርምር የየአገሩን ሕግ አስነብባት ጀመር። እንግሊዝ በፈቃድና በቁጥጥር ይፈቅዳል፤ ለምርምር ብቻ ተብሎ ፅንስ እንዲፈጠር እንኳ ይፈቅዳል፤ አሥራ አራተኛውን ቀን ማለፍ ግን ወንጀል ነው። አሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ ፅንስ ለሚፈርስበት ሥራ አይውልም ይላል፤ በግል ገንዘብ ሲሆን ግን እንደየግዛቱ ነው። ጣሊያን የራሱን አይነካም፤ ሌላው አገር ያዘጋጀውን ሕዋስ ግን ይሠራበታል። ጀርመን ፅንስ አፍርሶ ሕዋስ የሚያወጣውን ይከሳል፤ ውጭ አገር የተዘጋጀ ከሆነ፣ ያውም ሕጉ ከቆረጠው ቀን በፊት የተዘጋጀ ከሆነ፣ በፈቃድ ያስገባል። ስለ እኛ አገር ስፈልግ ይህን ነገር በስሙ ጠርቶ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል አላገኘሁም። ድምፅዋ ሳትነጫነጭ፣ ሳትገረም አነበበችው።

በመስኮቱ ሥር ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝና ለእህቴ ነገርኳት። የእነዚህ የሦስቱ ሕዋስ አሁን ቢዘጋጅ ከተቆረጠው ቀን በኋላ ይሆናል። ወደ እንግሊዝ ሊሄድ ይችላል፣ ውቅያኖስ ሊሻገር ይችላል፤ አባታቸው ወደተቀበረበት አገር ግን መግባት አይችልም። እኔን ቪዛ የከለከለኝ አገር እነሱን በደስታ እንደሚቀበላቸው ሳስብ ሳቅ መጣብኝ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

የአጥር ጎረቤታችን አሮጊት ሙስሊም ናቸው፤ ከእናቴ ጋር የማይተዋወቁበትን ጊዜ ሁለቱም አያስታውሱም። ጭሱን አይተው መጡና ነገሩን ሰሙ።

“አጃኢብ!” አሉ። “ሸሆቹ ሩሕ የምትነፋው በአራት ወሩ ነው ይላሉ። ከዚያ በፊት ያለው ለአላህ ነው የሚተወው።”

“የእኔ የነፍስ አባት ደግሞ ከተፀነሰ ጀምሮ ነፍስ አለው ነው የሚሉኝ” አለች እናቴ። “የፈረንጆቹስ?”

“እንደየአገሩ ነው” አልኩ። “ብዙዎቹ አሥራ አራት ቀን ላይ መስመር አስምረዋል። አንዳንዱ ከመጀመሪያውም አትንካ ይላል።”

“ድንበር ሲሻገሩ ነፍሳቸው ትወጣለች፣ ሲመለሱ ትገባለች ማለት ነው?”

“ሕግ ነው እማዬ። ሕግ እንደ አገሩ ነው።”

“የማንን አገር ሕግ? ሰው አገሩ እትብቱ የተቀበረበት ነው። የእነዚህ እትብት የት ተቀበረ?”

“ገና እትብት የላቸውም።”

አሮጊቷ “ያረቢ!” አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቴ ግን አላቆመችም፤ ለምርምር የተሰጠ ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ፅንሱ ይፈርሳል፣ ከውስጡ የወጣው ሕዋስ ሳሕን ላይ ይባዛል፣ ከተንከባከቡት ሳይሞት ለዓመታት ይባዛል አልኳት።

“ሰው ይሆናል?”

“አይሆንም።”

“አይሞትም፣ ሰውም አይሆንም” አለች። እሳቱን ቆሰቆሰችው። “ይኸ ነው የሚያስፈራኝ። ሞት እንኳ ደህና ነው፣ እናውቀዋለን። ልጄ፣ ለምኛቸው፤ ይላኩልኝ። ከወንድማችሁ ጎን ላስተኛቸው።”

እህቴ አልተቆጣችም። ስልክ በደንብ የሚይዘው ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ስለሆነ እዚያ ወጥታ ደወለች፤ እናቷ ያለችውን ሳታፍር ጠየቀችላት። መልሱን ይዛ ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ሰዎቹ በትሕትና መልሰውላታል፤ ከቀለጡ በኋላ በእጅ የሚያዝ፣ በዐይን የሚታይ ነገር የለም፤ ከጠብታም ያነሰ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ እሳቱ ላይ ኩበት ጨመረች።

“አንተ ምን ትላለህ ወንድምዓለም?” አለችኝ እህቴ በዚያው ሰሞን።

“እኔን አትጠይቂኝ።”

“ለምን? የተማርከው ይኸን አይደል?”

“ምርምሩ ለእንደኔ ዓይነት ዐይን ነው። ባለጉዳይ ነኝ፤ ዳኛ አልሆንም።”

እውነቱ ይኸው ነበር። ለምርምር ስጫቸው የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ይመለስ ነበር። መድኃኒቱ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ የየአገሩን ሕግ አልፎ መካነ ሰላም እስኪደርስ እኔ እንደማልጠብቀው ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈለግሁት፤ በጣም ፈለግሁት። ከዚህ ምኞት ጋር ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት የሦስቱን ፊት አያለሁ። ዐይኔን ሊያድን ይችላል የተባለው ነገር የማየውን ብቸኛ ፊት የሚያፈርስ መሰለኝ። በሽታ ነው እያልኩ የሚያሳሳኝ ነገር ሆነ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል አንድ ጠዋት እህቴ “ና ሸኘኝ” አለችኝ። ክንዷን ይዤ ጉብታውን ወጣን። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ከታች ከተማው በጉም ተሸፍኖ የቆርቆሮ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው ብላ ነገረችኝ። ደወለች። በማላውቀው ቋንቋ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ጠየቋት፣ መለሰች፤ ሁለት ጊዜ ያንኑ ቃል ደገመችላቸው። ስልኩን ዘጋች።

“ሰጠኋቸው” አለች።

ክንዷን አጥብቄ ያዝኩ።

“ለዐይንህ ብዬ እንዳይመስልህ።”

“አልመሰለኝም” አልኩ፤ መስሎኝ ነበር።

“ከቀለጡ ማንም ሳያያቸው ነው የሚቀሩት። እዚያ ቢያንስ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል። እኔ እናታቸው አላየኋቸውም። አንድ ሰው ይያቸው።”

ቤት ደርሰን ለእናቴ ስትነግራት እናቴ አልተራገመችም፣ አልመረቀችም። “እሺ” ብቻ አለች። ከዚያ “የሚቀበር ነገር ሳይኖር እንዴት ይሆናል?” አለች፤ ለእኛ የተናገረች አልመሰለኝም። እህቴ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። የሻንጣ ዚፕ ሰማሁ። ተመልሳ አንድ ለስላሳ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

“ሦስት ቀሩ ያሉኝ ቀን ከአሮጌ ልብስ ገበያ ሦስት ገዝቼ ነበር” አለች። “ለባሌም አላሳየሁትም። እሱ ቶሎ ተስፋ ማድረግ ያስቀጣል ባይ ነበር። የሚቀበር ካስፈለገ ይኸው።”

ሱፍ ነው። የልጅ እጅጌ ነው። ራሴን ወደ ጎን አዘንብዬ በዐይኔ ዳር ፈለግሁት፤ ቢጫ ነው። አንዱን አነሳሁ፤ ቁልፎቹን በጣቴ ከላይ ወደ ታች ዳሰስኩ፤ ሙሉ ናቸው። ሁለተኛውን አነሳሁ። የመጀመሪያው ቁልፍ አለ። ከሥሩ ጣቴ ላይ ክር ተጠመጠመ።

“እሱ ስገዛውም የለውም” አለች እህቴ። “ልተክልለት እያልኩ…”

ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ምክንያት የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለትም ፈለግሁ። ድሮ ዐይኔ ሳለ ፎቶ ልካልኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት፤ ለማንም አልላክሁም አለች። ለእናቴ ነግሬያት፣ እናቴ በስልክ ነግራት ይሆን አልኩ፤ ለእናቴም አልነገርኩም። ዛሬም እዚያው ላይ ነኝ፤ የቀረበልኝ ምክንያት የለም።

እናቴ ከአዲስ ነጠላዋ ቀደደችና ሹራቦቹን ጠቀለለች። ወይራዋ ሥር የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ መሬቱ በዝናቡ ለስልሶ ስለነበር አላስቸገረም። ጎረቤታችን አሮጊቷ በአጥሩ ሽንቁር ገብተው ከጎናችን ቆሙ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ሃይማኖታቸው ዱዓ አደረጉ። “አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ” አሏት እህቴን። ጠቅልለን ካስቀመጥነው በኋላ አፈሩን መለስኩ። ለዚህ ዓይነት ልጅ አይለቀስም፤ እናቴ ግን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለአራቱም እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ከወንድሜ ቀብር ጀምሮ በዚያ ቦታ ሲለቀስ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ስንጨርስ እናቴ ዐይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገች።

“ዛሬስ?” አለችኝ።

እህቴም ዞረችልኝ፤ በትከሻዋ አወቅሁ። ወደ አጥሩ አየሁ፤ ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ አየሁ። ጠዋት ጉብታውን ከመውጣታችን በፊት ቆመው ወደነበሩበት ደጃፍ ሄጄ እስከ መድረኩ ቀረብኩ፤ ለሳምንታት የሸሸሁት ደጃፍ ነው። እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። መሐሉ ላይ የእኔ ጉም ብቻ ነበር።

“የሉም” አልኩ።

“ገብተዋል” አለች እናቴ። የኋላውን ክፍል በር የተኛ ልጅ እንዳለበት በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እሳቱን ከዚያ ወዲህ አላነደደችም።

ሐኪሙ በስልክ ስነግረው “ደግ፣ ይጠፋል ብዬህ የለ” አለኝ። እህቴ አሁንም ከእኛ ጋር ናት፤ ምሽት ላይ ስታወራኝ ራሴን አዘንብዬ ጆሮዋን፣ ትከሻዋን፣ ሐዘኗን ከፈታች ወዲህ የምታስረውን ነጭ ሻሽ አያለሁ። ክፍል ስገባ አሁንም አንድ ክብ እሥላለሁ፣ ከጎኑ ሁለት፣ ከዚያ አራት፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ በሩ እዞራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ፊት አላየሁም።